የልጆች ልብስ በቤት ውስጥ ሰፍቶ መሸጥ፦ ከልኬት እስከ ዋጋ

አዲስ አበባ ውስጥ በአንዲት ክፍልና በአንድ የስፌት መኪና የልጆች ልብስ መስፋት የጀመረ ሰው መጀመሪያ የሚቸግረው ደንበኛ ማጣት አይደለም። ጎረቤቱ፣ የዕድሩ ሰው፣ የልጁ ጓደኛ እናት ወሬውን እንደሰሙ ይመጣሉ፤ አንዷ የክርስትና ልብስ ታዛለች፣ ሌላዋ የጃኬት ዚፕ ታስቀይራለች፣ ሦስተኛዋ የባለቤቷን ሱሪ ታሳጥራለች። ለሁሉም እሺ ያለ ልብስ ሰፊ በሦስተኛው ወር ሌሊቱን ሲሠራ እያደረ የጨርቅ መግዣ ያጣል። እኔም የመጀመሪያውን ዓመት ያሳለፍኩት እንዲሁ ስለነበር ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ከአንድ ሐሳብ ይነሣል፤ በቤት ውስጥ የልጆች ልብስ ስፌት የሚያዋጣው ጥቂት ዓይነት ልብሶችን መርጦ፣ ልካቸውን በየመጠኑ በወረቀት አውጥቶ፣ ደጋግሞ ለሚሰፋ ሰው ነው። አንድን ቀሚስ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሰፋ ልኩን ማውጣት፣ መቁረጥ፣ የተሳሳተውን መፍታትና እንደገና መስፋት ከግማሽ ቀን በላይ ይወስድብኛል፤ ያንኑ ቀሚስ ለአሥረኛ ጊዜ ስሰፋው ግን ከሁለት ሰዓት አያልፍም፤ ደንበኛዋ የምትከፍለው ዋጋ በሁለቱም ጊዜ አንድ ነው።

ምን ይሰፋል

ለጀማሪ ሦስት ዓይነት ልብስ ይበቃል። የእኔ ምርጫ ወገቡ ላይ የተሸበሸበ የሴት ልጅ ቀሚስ፣ ወገቡ በላስቲክ የሚያዝ ቁምጣና ሱሪ፣ እንዲሁም አንድ የበዓል የሀገር ልብስ ነው። ጅንስ፣ ካናቴራና ጃኬት ውስጥ ባይገቡ ይሻላል፤ ሰልባጅ ተራ ላይ የተዘረገፈውና ከቻይና የሚገባው ልብስ ብዙ ጊዜ እርስዎ ጨርቁን ከሚገዙበት ዋጋ በታች ይሸጣልና በዚያ ሜዳ መወዳደር ድካም ብቻ ነው። ቦንዳ የማይሰጠውን ግን እርስዎ መስጠት ይችላሉ፤ ወንድምና እህትን ከአንድ ጣቃ ማልበስ፣ ለቀጭን ወይም ለወፍራም ልጅ በልኩ መስፋት፣ የክርስትና ልብስን በቀኑ ማድረስ።

የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ብዙ ጀማሪ ተስፋ የሚጥልበት ሥራ ነው። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ዩኒፎርም በነጻ ማቅረብ ስለጀመረ በቤት ለሚሠራ ሰው የቀረው ሥራ በአብዛኛው የግል መዋዕለ ሕፃናትና ትምህርት ቤቶች ትእዛዝ፣ የታደለውንም ማሳጠርና ማጥበብ ነው። ከመዋዕለ ሕፃናት ጋር የሚዋዋል ሰው የጨርቁን ቀለም ናሙና ተፈርሞበት በእጁ ይያዝ፤ ሰማያዊ የሚባለው ቀለም ከጣቃ ጣቃ ይለያያልና።

የክርስትና ልብስ በተለይ ሊታሰብበት የሚገባ ሥራ ነው። በኦርቶዶክስ ሥርዓት ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀኗ ክርስትና ስለምትነሣ ሕፃኑ የተወለደበትን ቀን የጠየቀ ሰፊ የርክክቡን ቀን ራሱ ቆጥሮ ያውቀዋል። ይሁን እንጂ ልኬቱ በ20ኛው ቀን ተወስዶ በዚያው ልክ የተሰፋ ልብስ በ40ኛው ቀን ይጠብባል፤ ስለዚህ ለወንዱ የሦስት ወር፣ ለሴቷ የአምስት ወር ሕፃን ልክ መስፋት ይበጃል። ከዚህም በላይ ሕፃኑ ለጥምቀቱ ተገፎ ወዲያው በብርድ ውስጥ መልበስ ስላለበት ልብሱ ከአንገት እስከ ታች ሙሉ በሙሉ ፊት ለፊት የሚከፈት ይሁን። ከኋላ ባሉ ስምንት ትንንሽ ቁልፎች የሚዘጋ ቀሚስ ለፎቶ ያምራል፤ ሕፃኑ እያለቀሰ፣ ክርስትና እናቲቱ እጇ እየተንቀጠቀጠ ቁልፍ ስትፈልግ ያየ ሰው ግን ደግሞ አይሰፋውም።

መሣሪያ

መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር የእግር መኪና የኤሌክትሪኩን ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያገለግላል። ያገለገለ ሲንጀር ወይም ቢራቢሮ የሚገዛ ሰው ጨርቅ ይዞ ሄዶ በሁለት እጥፍ ስስ ፖፕሊንና በአራት እጥፍ ካኪ ላይ ራሱ ሰፍቶ ይሞክር፤ ክሩ ከታች የሚቋጠር ከሆነ ወይም ስፌቱ እየዘለለ ከሆነ፣ ሻጩ «ዘይት ስላልጠጣ ነው» ቢልም ዘይቱን ራሱ አጠጥቶ እንዲያሳይ ይጠየቅ።

የጨርቅ ጫፍ እንዳይተረተር የሚይዘው መኪና፣ ኦቨርሎክ፣ በመጀመሪያው ቀን አያስፈልግም። ለዚህ የሚሆነው እቁብ ነው፤ ዕጣው በነሐሴ እንዲወጣልዎ ከሰብሳቢው ጋር ከተነጋገሩ መኪናው በሥራው ወቅት ይደርሳል። እስከዚያው ድረስ የጨርቁን ጫፍ በዚግዛግ መያዝ ወይም ስፌቱን መጀመሪያ በውጭ፣ ቀጥሎ ገልብጦ በውስጥ በኩል በመስፋት ጫፉን መቅበር ይቻላል። ይህ ሁለተኛው መንገድ ለስስ ጨርቅና ለአራስ ልብስ ከኦቨርሎክም የተሻለ ነው፤ የሕፃን ቆዳ የሚፍቅ ጫፍ አይኖረውም።

መርፌን በጨርቁ መምረጥ የግድ ነው፤ ለፖፕሊንና ለስስ ጥጥ 11 ቁጥር፣ ለካኪ 14፣ ለጅንስ 16፣ ለሚለጠጥ ጨርቅ ደግሞ ጫፉ ድቡልቡል የሆነው መርፌ ያስፈልጋል። መርፌ ሲሰበር ስባሪዎቹ ሁሉ ተፈልገው፣ ተገጣጥመው፣ በወረቀት ላይ በፕላስተር ይለጠፉ፤ አንዲት ቁራጭ ከጎደለች ልብሱ አይወጣም። በፋብሪካ የሚሠራበት ደንብ ነው፤ ልጅ በሚለብሰው ልብስ ላይ ደግሞ ቤት ውስጥም ሊላላ አይገባውም። አንዲት ትንሽ ማግኔት ከመኪናው እግር ላይ ብትንጠለጠል ፍለጋውን ታቀልላለች።

ጨርቅ

መርካቶ ጨርቅ ለመግዛት የሚሄድ ሰው አንድ ኩባያ ውኃ የሚይዝ ጠርሙስ፣ ነጭ መሐረብና ክብሪት ቢይዝ አያፍርም። እርጥብ መሐረቡን በጨርቁ ላይ አሽቶ ቀለም ከያዘ ያንን ጨርቅ በነጭ አንገትጌ አጠገብ መስፋት አይቻልም። ሻጩ ከጣቃው ጫፍ ጥቂት ክር ቢሰጥዎ ከሱቁ ውጭ ያቃጥሉት፤ ጥጥ እንደ ወረቀት ሸቶ ለስላሳ አመድ ይሆናል፣ ፖሊስተር ግን ቀልጦ ጠጣር ፍሬ ይሠራል። የተደባለቀ ጨርቅ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፤ ለዩኒፎርም ሱሪ እንዲያውም ይመረጣል፤ «መቶ በመቶ ጥጥ ነው» ብለው ለእናት የሚሸጡትን ግን ራስዎ ማወቅ አለብዎ።

ሳይታጠብ የተቆረጠ ጥጥ ኪሳራ ነው። በአንድ ዓመት ለእንቁጣጣሽ አሥራ አንድ ቀሚስ ከአንድ ጣቃ ሰፍቼ አስረክቤ ነበር፤ ለመስቀል ሳምንት ሁለት እናቶች ቀሚሱን ይዘው መጡ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ታጥቦ ጉልበት የሚሸፍነው ከጉልበት በላይ ወጥቷል። ከዚያ ወዲህ ከእያንዳንዱ ጣቃ 50 ሴንቲ ሜትር በ50 ሴንቲ ሜትር ካሬ ቆርጬ አጥቤ፣ አድርቄ፣ ተኩሼ እለካለሁ። 50 የነበረው ወደ 47 ተኩል ከወረደ ጨርቁ ከመቶ 5 ገብቷል ማለት ነውና ሁሉም ሳይቆረጥ ይታጠባል። እዚህ ላይ የክረምቱ ነገር ይታሰብ፤ በሐምሌ የታጠበ አሥር ሜትር ጨርቅ በአንዲት ክፍል ውስጥ ሳይደርቅ ሦስት ቀን ሊያድር፣ የሻጋታ ሽታም ሊይዝ ይችላል። ለእንቁጣጣሽ የሚሆን ጨርቅ በግንቦትና በሰኔ መጀመሪያ ላይ ተገዝቶ፣ ታጥቦ፣ ታጥፎ መቀመጥ አለበት።

ለሀገር ልብስ ሽሮ ሜዳ ሁሉንም ያገናኛል፤ መነን የሚባለው የሸማ ጨርቅም ጥበቡም እዚያው አለ። በእጅ የተሸመነ ጨርቅ ድሩና ማጉ ሳሳ ያለ ስለሆነ ከተቆረጠ በኋላ ጫፉ ቶሎ ይተረተራል፤ ከመቁረጥዎ በፊት መስመሩን በመኪና አንድ ጊዜ ሰፍተው ከስፌቱ ውጭ ይቁረጡት። ጥበቡ የሚያብረቀርቅ ክር ካለው በልጅ አንገትና ብብት ላይ ያሳክካል። ብዙ ልጆች በበዓል ቀን ቀሚሳቸውን ካላወለቅን ብለው የሚያለቅሱት በዚህ ምክንያት ነውና ከስስ ጥጥ ገበር ማድረግ የዋጋ ጭማሪውን ያህል ያዋጣል።

ልኬት

ልጅ የተቀነሰ ትልቅ ሰው አይደለም። ሆዱ ወደ ፊት ይወጣል፣ ወገቡና ደረቱ በመጠን ይቀራረባሉ፣ ጭንቅላቱ ከሰውነቱ ጋር ሲነጻጸር ትልቅ ነው። የትልቅ ሰው ልክ አሳንሶ የቆረጠ ሰፊ ሦስት ነገር ይገጥመዋል፤ ቀሚሱ ከፊት ይነሣል፣ ከኋላ ይንጠለጠላል፣ በአንገት አይገባም። ለትንንሽ ልጆች የፊተኛውን ጨርቅ በሆዱ በኩል ከኋለኛው አንድ ወይም ሁለት ሴንቲ ሜትር ማስረዘም የመጀመሪያውን ይፈታል።

የአንገቱን ነገር ጠለቅ ብሎ ማየት ይገባል። የአንድ ዓመት ሕፃን የጭንቅላት ዙሪያ 46 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ የአምስት ዓመት ልጅ ደግሞ 51 ገደማ ነው። ስለዚህ በማይለጠጥ ጨርቅ፣ ያለ ቁልፍና ያለ ዚፕ የሚለበስ ልብስ የአንገቱ ዙሪያ ከዚህ የሚሰፋ መሆን አለበት፤ እንዲህ ከሰፋ ደግሞ ከትከሻ ይወርዳል። መፍትሔው ከኋላ 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍቶ በአንድ ቁልፍና በክር ቀለበት መዝጋት ነው። አዲስ ልክ ስናወጣ አቡጀዲ ቆርጠን በልጅ ላይ የምንሞክረው በዋናነት ለዚህ ነው፤ ልጁ እጁን ዘርግቶ ይልበሰው፣ ይቁም፣ ቁጢጥ ይበል፣ ከዚያ በጠመኔ ወይም በደረቅ ሳሙና ጠርዝ ይታረም።

እናት በስልክ «አራት ዓመቷ ነው» ብላ ስታዝ ዕድሜውን ሳይሆን ቁመቱን ይጠይቁ። በዓለም ጤና ድርጅት የዕድገት ሠንጠረዥ መካከለኛው ልጅ በአንድ ዓመት 75፣ በሁለት 87፣ በሦስት 95፣ በአራት 103፣ በአምስት 110 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው፤ በአንድ ክፍል ውስጥ ባሉ የአራት ዓመት ልጆች መካከል ግን የ15 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ማየት የተለመደ ነው። እናቲቱ ልጇን በግድግዳ ላይ አስደግፋ፣ በልጅቷ ራስ ላይ መጽሐፍ አሳርፋ፣ በእርሳስ ምልክት አድርጋ ብትለካ ይበቃል። ከቁመት ሌላ ደረት፣ ወገብ፣ ከትከሻ እስከ ጉልበት፣ የእጅ ርዝመት ይወሰዳል፤ ለሱሪ ደግሞ ከፊት ወገብ በእግሮቹ መካከል አልፎ እስከ ኋላ ወገብ ያለው ይለካል፤ ዳይፐር የሚያደርግ ልጅ ከሆነ ዳይፐሩን እንዳደረገ ነው የሚለካው።

ልጅ ከሁለት ዓመቱ በኋላ በዓመት ከ6 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ያድጋል። የሀገራችን እናት ይህን ስለምታውቅ «ሰፋ አድርጊው» ትላለች፤ እሷን ማድመጥ ይገባል፣ ቀሚሱን ጆንያ ማድረግ ግን አይገባም። ከደረቱ ልክ በላይ የሚተወው ትርፍ ከ6 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ሆኖ የታችኛው እጥፋት 6 ሴንቲ ሜትር ቢቀመጥ፣ በሚቀጥለው ዓመት ይፈታና ይረዝማል። የላስቲኩንም ጫፍ 5 ሴንቲ ሜትር አስተርፈው በውስጥ ቢሰፉት እናቲቱ ራሷ ፈትታ ታሰፋዋለች። «የሚያድግ ልብስ ነው» ብሎ እጥፋቱን ገልጦ ማሳየት ካየኋቸው የሽያጭ ዘዴዎች ሁሉ የበለጠ ይሠራል።

የተስተካከለው ልክ በወፍራም ካኪ ወረቀት ይገለበጣል። በያንዳንዱ ቁራጭ ላይ የልብሱ ስም፣ ቁመቱ፣ ስንት እንደሚቆረጥ፣ የድሩ አቅጣጫ፣ የስፌት ትርፉ ተካቷል ወይስ አልተካተተም የሚለው ይጻፋል፤ አንድ ልብስ በአንድ ፖስታ ይቀመጣል። ይህ የፖስታ ክምር የሥራው እውነተኛ ካፒታል ነው፤ መኪና ቢሰበር ይጠገናል።

መቁረጥና መስፋት

ስድስት ቀሚስ ሲታዘዝ ስድስቱን አንድ በአንድ ጀምሮ መጨረስ የጀማሪ ልማድ ነው። ሁሉንም በአንድ ቀን መቁረጥ፣ በማግስቱ ሁሉንም ትከሻ፣ ቀጥሎ ሁሉንም ጎን፣ ከዚያ ሁሉንም እጅጌ መስፋት ጊዜውን በእጅጉ ይቀንሳል፤ ካውያ አንድ ጊዜ ይሞቃል፣ ክር አንድ ጊዜ ይቀየራል። ትልቁና ትንሹ መጠን አብሮ ሲቆረጥ ጨርቅም ይተርፋል፤ የትልቋ ልጅ ቀሚስ በሚተወው ክፍተት ውስጥ የሕፃኗ ደረት ይገባል። መሸብሸቢያውን በረጅም ስፌት ሁለት ትይዩ መስመር ሰፍቶ ክሩን አንድ ላይ መሳብ ይገባል፤ በአንድ መስመር ብቻ የተሳበ ክር መሐል መንገድ ላይ ሲበጠስ ሥራው ሁሉ ከመጀመሪያ ይጀመራል።

ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ቁልፍ፣ ዶቃና ጌጥ በተቻለ መጠን ይቅር፤ ከተደረገም በእጅ በድርብ ክር ተሰፍቶ በኃይል ተጎትቶ ይፈተን፣ ወደ አፍ ይገባልና። በአንገትና በኮፍያ ላይ የሚታሰር ገመድም አይደረግ፤ የአውሮፓ ደረጃ እስከ ሰባት ዓመት ላሉ ልጆች ልብስ ይህን ይከለክላል፣ ምክንያቱም ገመዱ በመወጣጫና በበር ላይ ተይዞ ልጅ ያንቃል።

ዋጋ

ልብስ ሰፊ ሲከስር በአብዛኛው የራሱን ጉልበት ስላልቆጠረ ነው። ለስሌት ያህል አንድ የአራት ዓመት ልጅ ቀሚስ እንውሰድ፤ አሃዙ እንደ ጊዜው ይቀየራል፣ መንገዱ ግን አይቀየርም። ጨርቅ 400 ብር፣ ገበር 100፣ ክርና ዚፕ 60፣ ትራንስፖርት፣ መብራትና ፌስታል 40፤ ድምር 600። ሁለት ሰዓት ሥራ በሰዓት 100 ብር ሲታሰብ 200፤ ድምሩ 800። ለመኪና ጥገናና ለሚበላሽ ጨርቅ ከመቶ 10 ሲጨመር 880፣ በዚህ ላይ ከመቶ 15 ትርፍ ሲታከል 1,012 ብር ይመጣል። 600 ብር ያወጣውን ቀሚስ 750 የሸጠ ሰው 150 አተረፍኩ ይላል፤ በእርግጥ የሠራው በሰዓት 75 ብር ነው፣ መኪናው ሲሰበርም ማስጠገኛ የለውም።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገቡ ጨርቅና ዚፕ ዋጋቸው የሚረጋ አይደለም። በዚህ ምክንያት የተነገረ ዋጋ የሚጸናው ቀብድ ሲከፈል ብቻ መሆኑን አስቀድመው ይናገሩ፤ ቀብዱም ቢያንስ ጨርቁን የሚገዛ ይሁን፤ ቴሌብር ካለ እናቲቱ ቤቷ ሆና ትልከዋለች። የዘመድ ዋጋን በተመለከተ የእኔ ልማድ ይህ ነው፤ ለቅርብ ዘመድ ወይ ሙሉ ዋጋ አስከፍላለሁ ወይ በስጦታ እሰጣለሁ፤ መካከለኛው ለሁለታችንም ቅሬታ ነው።

ትእዛዝ በአፍ አይያዝ። በደብተር ላይ የልጁ ስም፣ ልኬቱ፣ የጨርቁ ቁራጭ ተለጥፎ፣ የተከፈለው፣ የቀረውና የርክክቡ ቀን ይጻፋል፤ ቀኑም ከበዓሉ አምስት ቀን ቀደም ብሎ ይሁን። ለዋዜማ የተቀጠረ ልብስ በዋዜማው መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ለአዲስ አበባ ሰው መንገር አያስፈልግም። በቴሌግራም የሚሸጥ ሰው ልብሱን በቀን ብርሃን፣ በመስኮት አጠገብ ያንሣው፤ ከሥሩም በሴንቲ ሜትር የሚስማማውን ቁመትና ዋጋውን ይጻፍ፤ «ዋጋ በውስጥ» የሚለው ጽሑፍ ብዙ እናቶችን ያሸሻል። የደንበኛን ልጅ ፎቶ ያለ ወላጅ ፈቃድ መለጠፍ አይገባም።

ሥራው በየወሩ ገቢ ማስገባት ከጀመረ ከገቢዎች ጽሕፈት ቤት የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ ከንግድ ጽሕፈት ቤት ደግሞ የንግድ ፈቃድ ማውጣት ይገባል፤ መዋዕለ ሕፃናትም ቢሆን ያለ ደረሰኝ አይዋዋልም። የበጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ስለሆነ የገቢና የወጪ ደብተሩ በዚያው አቆጣጠር ቢያዝ በሐምሌ ግራ መጋባት አይኖርም።

የዓመቱ ዙር

ሥራው የሚበረታው ከነሐሴ አጋማሽ እስከ መስቀል፣ ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ ጥምቀት፣ ከፋሲካ በፊት ባሉት ሦስት ሳምንታትና በሁለቱ ኢዶች ዋዜማ ነው። የኢዶቹ ቀን በጨረቃ ስለሚቆጠር በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ያህል ቀደም ብሎ ይመጣልና ዓመቱ ሲጀምር በቀን መቁጠሪያው ላይ ምልክት ይደረግበት። በእነዚህ ወቅቶች የሱሪ ማሳጠርና የዚፕ ሥራ አይቀበሉ፤ ለጎረቤትም ቢሆን «ከበዓሉ በኋላ» ማለት ነውር አይደለም።

ጥቅምትና ኅዳር ሥራ የሚቀዘቅዝባቸው ወራት ናቸው። ያኔ መኪናው ተፈትቶ ከጥርሱ ሥር የተጠቀጠቀው ብናኝ በብሩሽ ይወጣል፣ ዘይት ይጠጣል፣ በበዓሉ ጥድፊያ በጠመኔ የታረሙት ልኮች በአዲስ ካኪ ወረቀት ይገለበጣሉ። ከጆንያው ውስጥ የተጠራቀመው ቁርጥራጭም በቀለሙ ተለይቶ የፀጉር ማሰሪያና የሕፃን ኮፍያ ይሆናል፤ ለጥምቀት ቀሚስ የምታዝ እናት ከዚያው ጨርቅ የተሠራ የፀጉር ማሰሪያ ስታይ ሳትከራከር ትጨምረዋለች።